የጥናታችን መጨረሻ መደርደሪያ ነው ወይ?

የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስጨርስ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት ስለ አሲዳማ አፈር ነበር። ሰኔ ላይ ዲፌንሱ አለቀ፤ ማርኩም አላሳፈረኝም። «መቼም ናሙናውን የወሰድኩት ከገበሬ ማሳ ነው፤ ውጤቱን ማሳወቅ አለብኝ» ብዬ ጥራዙን ይዤ ወደ ወረዳው ሄድኩ። ያገኘኋቸው ኃላፊ በአክብሮት ተቀበሉኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አርባ ምናምን ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ጎበዝ ልጄ፣ ደክመህበታል። ግን እኔ ነገ ጠዋት ምን ላድርግበት?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥር እንደሚጎዳ፣ ፎስፈረስም ታስሮ እንደሚቀር ማስረዳት እችላለሁ። ለአንድ ቀበሌ ስንት ኩንታል ኖራ ይበቃል? ማጓጓዣው ስንት ይፈጃል? ኖራ ባይገኝስ? ለዚህ ግን ዝም! እሳቸውም ቀጠሉና፣ «ደግሞ የመጪው ዓመት በጀት አልቋል። ምነው ጥር ላይ ብትመጣ ኖሮ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። እቅዱ የሚነደፈው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። እኛ ደግሞ በአብዛኛው ጥናታችንን የምናቀርበው ሰኔ ላይ ነው። ይህንን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ችግሩ የኔ ብቻ አይደለም። በአገራችን ለብዙ ዓመታት አፈሩ ቀይም ሆነ ጥቁር «በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ» የሚል አንድ ዓይነት ምክር ይሰጥ ነበር። አፈር ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ተመራማሪዎች ጠፍቷቸው አይደለም። አሠራሩ በሰፊው መለወጥ የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የአፈር ለምነት ካርታ በመንግሥት ፕሮግራም መሠራት ሲጀምር ነው። እንዶድንም እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አድዋ ላይ ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ግኝቱ ግን በራሱ እግር ወደ ጤና ፕሮግራም አልገባም፤ ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ዓመታት መሟገት ግድ ሆኗል።

«ሳይንቲስት ፖለቲካ ውስጥ ምን ዶለው?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። ተመራማሪ ባለሥልጣን ደስ እንዲለው ብሎ ውጤቱን ካጣመመ ሳይንስነቱ ቀረ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ውሳኔው የነሱ ነው፤ ይህን ብታደርጉ ይህ ይሆናል፣ ያንን ብታደርጉ ያ፣ ይህንን ደግሞ ገና አላወቅንም ብሎ በግልጽ ማስረዳት የኛ ነው። ይህም እንደ ላብራቶሪ ሥራ ሥልጠና ይፈልጋል። በአሜሪካ የሳይንስ ማኅበሩ ተመራማሪዎችን ወደ መንግሥት ቢሮዎች መላክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በእንግሊዝ ፓርላማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቢሮ የፒኤችዲ ተማሪዎችን ለሦስት ወር ያህል ተቀብሎ ለምክር ቤት አባላት አጭር ጽሑፍ ያስጽፋቸዋል።

እኛስ? አዲስ ኮርስ ይከፈት አላልኩም። ሦስት ነገር ብቻ ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ቴሲስ ጋር በአካባቢው የሥራ ቋንቋ የተጻፈ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ይቅረብ፤ ማርክም ይያዝለት። ማርክ ከሌለው እንደማንሠራው እናውቃለን!

ሁለተኛ፣ ተማሪው ዳታ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ጉዳዩ በሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጥቂት ሳምንታት ይቀመጥ። ጥያቄው ራሱ እዚያ ይስተካከላል።

ሦስተኛ፣ በምርምር ዘዴ ኮርሳችን ላይ አንድ የእቅድና በጀት ባለሙያ ተጋብዞ ያስተምረን። አዋጅ ከምክር ቤት፣ ደንብ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ከመሥሪያ ቤት እንደሚወጣ እንኳ ለይተን የማናውቅ ብዙ ነን። የማን በር እንደሚንኳኳ ሳያውቁ ማንኳኳት ድካም ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ለኛ መስጠቴ አይደለም። ጥናት ቢመጣለትም የማያነብ ቢሮ ሞልቷል። ግን ያነበቡት እኚያ ኃላፊ የጠየቁኝ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ያልተዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። መጪው ጥር ላይ ሁለት ገጽ ብቻ ይዤ እዚያው ወረዳ እመለሳለሁ። ጥያቄያቸውን አልረሳሁትም፤ እናንተም አድቫይዘራችሁ ከመጠየቁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁት።