ዕጣው የሥራ ቦታ አይጠይቅም

በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሥራ በጉባ ሲጀመር፥ የሠራተኛው ማደሪያ ካምፕ እዚያው በሥራው አጠገብ ተሠራ። ግድ ነበር፤ በዚያ በረሓ በየማለዳው ሠራተኛን ከማንቡክ ማመላለስ አይታሰብምና።

በአዲስ አበባ ግን ይህ ግድ የተረሳ ይመስላል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በብዛት ተሠርተዋል፤ ይህን የሚያቃልል አስተዋይ ሰው የለም። ዳሩ ግን እነቱሉ ዲምቱ፥ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ በከተማው ዳር ሲቆሙ፥ አብዛኛው መሥሪያ ቤትና ገበያ በፒያሳ፥ በመርካቶና በሜክሲኮ ቀረ። ዕጣውም ስም ያወጣል እንጂ «ሥራህ የት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በቃሊቲ ፋብሪካ ለሚሠራው የካ አባዶ ይደርሰዋል፤ በኮተቤ ለሚያስተምረው ቱሉ ዲምቱ። ሁለቱም ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ለታክሲ ይሰለፋሉ፤ ምናልባትም በየቀኑ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። የቻለው የራሱን ቤት አከራይቶ፥ በሥራው አቅራቢያ የሰው ቤት ይከራያል። ባለቤት ሆኖ ተከራይ!

በዕጣ የተገኘ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ መከልከሉ፥ እንዳይነገድበት ነው፤ መልካም ነው። መለዋወጥ ግን መሸጥ አይደለም። ስለዚህ ባለዕጣዎች ተስማምተው ቤት በቤት የሚለዋወጡበት መዝገብ በየክፍለ ከተማው ይከፈት እንላለን። ዕጣው ከመውጣቱ በፊትም የአመልካቹ የሥራ ቦታ በቅጹ ላይ ይሞላ።

ማንቡክን ለመሰሉ ትናንሽ ከተሞች ደግሞ ነገሩ ገና አልመሸም። የከተማ ፕላን የምታስተምሩን መምህራን ሆይ፥ የመኖሪያ መሬት ከመከፈሉ በፊት ሠራተኛው እስከ ሥራው በእግሩ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ እንድንለካ አስተምሩን።