በሸራ የተጠቀለለው መሪ

ለጦር ሠራዊት ተሠርተው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ በየጎተራው ጥግ ዝገት ሲበላቸው የኖሩትን አሮጌ ሞተር ብስክሌቶች ፈልገው ነፍስ የሚዘሩባቸውን ሰዎች ከልብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ፣ ለዕቃው ካላቸው ጽኑ ፍቅር የተነሣ፣ ሊያድኑት የተነሡትን ታሪክ በገዛ እጃቸው ሲፍቁት እያየሁ ዝም ማለት አልተቻለኝም።

ባለፈው ነሐሴ፣ በምኖርበት በበርሚንግሃም አጠገብ፣ ሁለት ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 ሞተር ብስክሌቶች በአንድ መስክ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አገኘሁ። አንደኛው እንደ መስተዋት በሚያንጸባርቅ ቀለም ተቀብቶ፣ መሪው አዲስ ጥቁር ጎማ ለብሷል፤ የሁለተኛው መሪ ግን በእጅ ላብ በጠቆረ፣ ጠርዙ በተተለተለ ሸራ ተጠቅልሏል። ሰዉ ሁሉ የከበበው የፊተኛውን ነበር።

ያ ሸራ ግን ምስክር ነው። ይህ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ 496 ሲ.ሲ.፣ 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያለው፣ ከፍጥነት ይልቅ ትዕግሥት የተሰጠው ሞተር ብስክሌት ለጦርነቱ ከ126,000 በላይ ተሠርቷል፤ የተሠራበት የስሞል ሂዝ ፋብሪካም ኅዳር 10 ቀን 1933 ዓ.ም. ሌሊት በጀርመን ቦምብ ተመትቶ 53 ሠራተኞች አልቀውበታል። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓን ማላያንና የኔዘርላንድን የምሥራቅ ሕንድ ደሴቶች በያዘች ጊዜ፣ የጎማ ዛፍ የሚበቅልበት ምድር ከእጅ ስለ ወጣ፣ የተረፈው ጎማ ለመንኮራኩር እንዲቆጠብ ግድ ሆነ፤ ስለዚህም የመሪው እጀታ ሸራ ለበሰ፣ የእግር መርገጫው እርቃኑን ብረት ቀረ፣ በቤንዚን ማጠራቀሚያው ግራና ቀኝ የነበረው የጉልበት መደገፊያም ተነሣ። እንግዲህ ሸራውን ገፎ ጎማ የሚያለብስ ሰው፣ ሌሊት የተጋ አንባቢ በብራናው ኅዳግ ላይ ያንጠባጠበውን የጧፍ ሰም ቆሻሻ ነው ብሎ ከሚፍቅ ሰው በምን ይለያል?

ፍሬኑና የመንኮራኩሩ ጎማ አሮጌ ይሁን አልልም፤ የሰው ሕይወት ከቅርስ ይበልጣልና። በመስተዋት ሣጥን ይቆለፍም አልልም፤ ይህ ፍጥረት የሚታወቀው ሲነዳ ነው።

የሸራው ባለቤት፣ ዕድሜ የጠገቡ አዛውንት፣ ሊያሳዩኝ ወደዱ። የቤንዚኑን ቧንቧ ከፈቱ፤ በካርቡራተሩ ራስ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን እስኪንጠባጠብ ድረስ በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ የእሳቱን ብልጭታ የምታዘገየውን ዘንግ መለሱ፤ ቫልቩን ከፍ አድርገው ፒስቶኑን በቀስታ ካሳለፉ በኋላ፣ የማስነሻውን ፔዳል በሙሉ ክብደታቸው አንድ ጊዜ ረገጡት። ሞተሩም እንደ ከበሮ፣ በረጅሙ፣ ዱም ዱም ይል ጀመር። እኔም ተራዬ ደርሶ መስኩን ስዞር፣ ከኋላ ሞላ ስለሌለው የመሬቱ ጉብታ ሁሉ እስከ አከርካሪዬ ዘለቀ፤ ሻካራው ሸራም መዳፌን ሲፈትገው፣ በዚያ ዘመን ቀኑን ሙሉ መልእክት ይዞ ይጋልብ የነበረው ወታደር እጁ ምን ይመስል እንደ ነበር አሰብሁ።

ስለዚህ ሸራውን መለወጥ ግድ የሆነበት አዳሽ ቢኖር፣ ልለምነው የምወደው አንድ ነገር ነው፤ የወለቀውን አይጣለው፤ በወረቀት ጠቅልሎ፣ መቼና ከየትኛው እጀታ እንደ ወለቀ ጽፎበት፣ በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ያኑረው።