ከኤሲው በፊት ጣሪያው

ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከፍታው ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህ የ650 ሜትር ልዩነት ብቻውን አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። ደሴ ላይ ጋቢ የሚያስደርበው ወር ኮምቦልቻ ላይ መስኮት ያስከፍታል። ከዚያ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ሰመራ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ሙቀቱ 40 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ይጠብቀዋል፤ እዚያ ኤሲን ቅንጦት ነው የሚል የለም።

ኮምቦልቻ በመካከል ላይ ናት። ሆቴሉም ባንኩም ክሊኒኩም፣ አቅም ያለውም ቤተሰብ፣ ነጋዴው “ስፕሊት” የሚለውን ባለሁለት አካል ኤሲ ይመኛል። አንዱ አካል ክፍሉ ውስጥ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ይሰቀላል፤ ኮምፕረሰሩን የያዘው ሌላው አካል ውጭ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኟቸው ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ውሃ የሚወርድበት ላስቲክ ናቸው። በጣሪያ ውስጥ የሚዘረጋ ሰፊ የአየር መተላለፊያ ስለማያስፈልገው ተሠርቶ ባለቀ ቤት ላይ በግማሽ ቀን ይገጠማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ገዢው ያለቀለት ዕቃ የገዛ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጋዙ የሚዞርበት መስመር የሚገጠመውና የሚዘጋው ፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን የእሱ ግድግዳ ላይ ነው። በኮምቦልቻ ለኤሲ የተያዘ ገንዘብ ግን ከገጠማውም በፊት ለጣሪያው ይዋል። ጣሪያው ተስተካክሎም ኤሲ ካስፈለገ፣ ከማሽኑ ስም ይልቅ የገጣሚው ሙያ ይመርመር።

ኮምቦልቻ ውስጥ ቤትን የሚያግለው በአብዛኛው ቆርቆሮው ነው። በቀትር ፀሐይ የተመታ ቆርቆሮ 60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ያ ግለት በቀጥታ ሰው አናት ላይ ይወርዳል፤ ኮርኒስ ኖሮም በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር መውጫ ካጣ ታምቆ ያመሻል። መላው የታወቀ ነው፤ ዋጋውም ከማሽኑ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ኮርኒስ ማልበስ፣ በጣሪያው ሁለት ጫፍ ወንፊት ሽቦ የተወጠረበት የአየር መውጫ መተው፣ ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ለሚመታው መስኮት ጥላ ማውጣት፣ በትይዩ ግድግዳዎች ላይ መስኮት ማድረግ ነው። የሕንዷ አህመዳባድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የድኾችን ጣሪያ ነጭ የማስቀባት መርሐ ግብር የያዘችው በዚሁ ምክንያት ነው። አህመዳባድ ሌሊቷም የሚያቃጥል ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከተራራው የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር አላት፤ ይህን አየር በነጻ የሚያስገባ መስኮት ያለው ቤት የቀኑን ሙቀት በግማሽ አሸንፎታል።

ፊታቸው በሙሉ መስታወት የሆኑ፣ የሚከፈት መስኮታቸው ጥቂት የሆነ ሕንፃዎች ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። መስታወቱ የፀሐይን ብርሃን ያስገባል፤ ውስጥ ገብቶ ሙቀት የሆነውን ግን አያስወጣም። ባለቤቱ የሚያሞቅ ሕንፃ አሠርቶ የሚያቀዘቅዝ ማሽን ይገዛለታል። እንዲህ ያለ ንድፍ የሚያቀርብ አርክቴክት የመብራቱን ክፍያም አብሮ ሊያሳየው ይገባል።

ይህ ማለት ማሽኑ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. የዘመናዊውን አየር ማቀዝቀዣ መነሻ የነደፈው ለሰው ምቾት አልነበረም። ብሩክሊን ውስጥ የነበረ አንድ ማተሚያ ቤት በአየሩ እርጥበት የተነሣ ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለም በቀለም ላይ አልገጥም ስላለው ነበር። በኮምቦልቻም ከሰው በፊት አየራቸው በማሽን መመጠን ያለበት ነገሮች አሉ። ፈትል የሚፈተልበት አዳራሽ አየሩ ከደረቀ ክሩ ይበጣጠሳል። የባንክ ሰርቨር ያለበት ክፍል ሌት ተቀን ይግላል። ከሁሉም በላይ መድኃኒት አለ፤ ብዙው መድኃኒት ማሸጊያው ላይ “ከ25 ዲግሪ በታች” ወይም “ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ” የሚል ተጽፎበታል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መድኃኒት ቤት ይህን ቃል ሊያከብር የሚችለው በቴርሞሜትርና፣ ካስፈለገም፣ በኤሲ ነው። አንድ የጤና ተቋም አንድ ማሽን ብቻ መግዛት ከቻለ የኃላፊው ቢሮ ይቆይና የመድኃኒት መጋዘኑ ይቅደም።

ሆስፒታል ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ስፕሊት ከውጭ ንጹሕ አየር አያስገባም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር እየሳበ ያቀዘቅዘዋል። ለቀዶ ሕክምና ክፍል የሚመከረው አየሩ በሰዓት 20 ጊዜ ያህል እንዲለዋወጥና በማጣሪያ እንዲያልፍ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤሲ ይህን አይሠራም። ሳንባ ነቀርሳ ባለበት ክፍል ከሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ኤሲ ስላለ መስኮት ይዘጋል፣ ከበሽተኛው አፍ የወጣው አየር ለጎረቤቱ ይዞራል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሆስፒታሎች ውስጥ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ክፍሎች በማሽን አየር ከሚለዋወጥባቸው አዳዲስ ክፍሎች በልጠው የነቀርሳን መተላለፍ እንደሚከላከሉ አሳይቷል። የደሴና የቦሩ ሜዳ ሆስፒታሎች በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፈዋል። እነሱን መልሶ ለማደራጀት ዕቃ የሚለግስ ሁሉ፣ ኤሲ ከመላኩ በፊት ክፍሉ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ይጠይቅ።

አሁን ወደ ገጠማው። እዚህ ላይ ከፍታችን ከቆላው ሰው የተለየ ሒሳብ ያስከፍለናል። የአየር ግፊት ደሴ ላይ ከባሕር ወለሉ አንድ አራተኛ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። አየሩ ስለሳሳ የውጭው አካል ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሙቀት የማውጣት አቅሙም ይወርዳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የማቀዝቀዝ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ ነው የሚል የተጻፈበት ማሽን እዚህ ያንን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። የውጭው አካል በረንዳ ጥግ ተወትፎ ወይም ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከተቀመጠ ደግሞ ያችኑ የሳሳች አየር ያጣታል።

ከዚህ የሚበልጠው ቫኪዩም ነው። ቱቦዎቹ ከተገጠሙ በኋላ በውስጣቸው የቀረው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። እርጥበቱ ከቀረ ከጋዙና ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይፈጥራል፤ ማሽኑ ያለ ዕድሜው ይሞታል፣ ጥፋቱም በፋብሪካው ላይ ይላከካል። ፓምፕ የሌለው ገጣሚ የውጭውን አካል ቫልቭ ጥቂት ከፍቶ በራሱ ጋዝ አየሩን “ገፋሁት” ይላል። ይህ ሥራ አይደለም። ጋዝ ያባክናል፣ እርጥበቱንም አያወጣም።

ፓምፕ ያለውም ቢሆን ደሴ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በሙያው መማሪያ መጻሕፍት ላይ ሙሉ ቫኪዩም ሲባል የጌጁ መርፌ 76 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ያህል እንደሚወርድ ተጽፏል፤ ይህ የባሕር ዳርቻ ሰው ሒሳብ ነው። ደሴ ላይ ፓምፑ የቱንም ያህል ቢሠራ መርፌው ከ56 ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከ61 ገደማ አያልፍም። ይህን የማያውቅ ቴክኒሽያን ወይ ፓምፑ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል፣ ወይ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ቫኪዩሙ በእርግጥ ጥልቅ መሆኑን የሚናገረው በቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት በማይክሮን የሚለካው መሣሪያ ነው፤ 500 ማይክሮን ደርሶ ፓምፑ ሲዘጋ እዚያው ከቆየ መስመሩ ደርቋል፣ አያፈስም። ጋዝ በግፊት ብቻ እያዩ መሙላትም በከፍታ ያሳስታል። ጋዝ በሚዛን ይሞላል፤ ቱቦው ፋብሪካው ካሰበው ርዝመት ካለፈ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር የሚጨመረው ግራም በማሽኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል።

የጋዙም ዓይነት ይጠየቅ። አር 22 የተባለው አሮጌ ጋዝ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ኢትዮጵያን በመሳሰሉ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአገልግሎት እየወጣ ነው። ርካሽ ተብሎ አሮጌ የአር 22 ማሽን የገዛ ሰው ነገ መሙያ ያጣል። አር 32 የተሻለ ምርጫ ነው፤ ነገር ግን በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ የሚገጥመው ሰው ሥልጠና ያሻዋል።

ስለ መብራቱም እውነቱ ይነገር። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አገኘን፤ ኃይሉ ግን በሠፈሩ ትራንስፎርመር በኩል እስኪመጣ ይዋዥቃል። መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ የሚነሣ ኮምፕረሰር ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያስነሣ ስታቢላይዘር፣ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና ብሬከር፣ በትክክል የተቀበረ ግራውንድ የገጠማው አካል ናቸው። የቤት ታሪፍ ደግሞ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ነው፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮም በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ተወስኗል። አንድ ኪሎ ዋት የሚወስድ ኤሲ በቀን ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ በወር 240 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ብቻውን ቤተሰቡን ወደ ከፍ ያለ የታሪፍ እርከን ይገፋዋል።

ደሴስ? ደሴ ማቀዝቀዣ አያሻትም፤ የደሴ ችግር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው። በዚህ ብርድ ሰው በዘጋው ክፍል ከሰል አንድዶ ይተኛል፤ የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላል። ዑደቱን ገልብጦ ማሞቅ የሚችል ስፕሊት ግን በአንድ ኪሎ ዋት መብራት ሦስት ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ለክፍሉ ይሰጣል። ሁሉም ቤት ይህን ይግዛ ማለት አይቻልም፤ ዋጋው ከብዙው ሰው አቅም በላይ ነው። ነገር ግን የአራስ ክፍል፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚታዩበት ክፍል፣ የአረጋውያን ማረፊያ በከሰል መሞቅ የለባቸውም። ደሴ ላይ ኤሲ ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ “ያሞቃል ወይ?” የሚለውን ጥያቄ ያስቀድም።

ሙያው ሩቅ አገር አይደለም ያለው። ደሴ የወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ኮምቦልቻ የራሷ ፖሊ ቴክኒክና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አሏቸው። እነዚህ ተቋማት በከፍታ ላይ የሚገጠም ኤሲን ለብቻው አጭር ሥልጠና ቢያደርጉት፣ በፓምፕና በሚዛን ፈትነው የምስክር ወረቀት ቢሰጡ፣ የሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮችም በመንግሥት ሕንፃ ላይ ያንን ወረቀት የያዘ ብቻ እንዲገጥም ቢያዝዙ፣ ሥራው ለወጣቱ እንጀራ ይሆናል። እስከዚያው ገዢው ራሱን ይጠብቅ፦ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ቫኪዩሙ ስንት ማይክሮን እንደደረሰና ስንት ግራም ጋዝ እንደተጨመረ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ቫኪዩም ፓምፕና ሚዛን ሳይዝ የመጣ ገጣሚ ግድግዳዎን እንዲበሳ አይፍቀዱለት።