በጠራ ሰማይ ለደመና መዘጋጀት



በአማርኛ ልምድና ልምምድ የሚባሉት ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ቢሆኑም ፍቺያቸው አንድ አይደለም። ልምድ ማለት ሰው ባለፈው ዘመን ሠርቶ ያከማቸው ዕውቀት ሲሆን፣ ልምምድ ግን ያ ዕውቀት እንዳይጠፋ ሥራውን መደጋገም ነው። ልዩነታቸው ገልጦ የሚታየው በአይሮፕላን ነጂዎች ሥራ ስለሆነ የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ይሆናል።

አይሮፕላን ነጂ ደመና ውስጥ በገባ ጊዜ አድማሱ ይጠፋበታል። ያን ጊዜ በጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ያሳስተዋል፤ አይሮፕላኑ ወደ ጎን አዘንብሎ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1954 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ምርመራ፣ የመሣሪያ በረራ ያልለመዱ 20 ሰዎች የውጭው እይታ በተከለለባቸው ጊዜ ሁሉም አይሮፕላኑን መቈጣጠር ተስኗቸዋል። ይህም የሆነው በአማካይ በ178 ሰከንድ ነበር። ስለዚህ በደመና የሚበር ሰው ስሜቱን ትቶ በፊቱ ያሉትን መሣሪያዎች ማመን አለበት።

የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ በአንቀጽ 61.57 እንደሚያዝዘው፣ የመሣሪያ በረራ ፈቃድ ያለው ሰው ፈቃዱን ስለያዘ ብቻ ወደ ደመና ሊገባ አይችልም። ከሚበርበት ወር በፊት ባሉት 6 ወሮች ውስጥ 6 ጊዜ በመሣሪያ እየተመራ ወደ ማረፊያው ሜዳ መቅረብ፣ በአየር ላይ እየዞረ ተራ መጠበቅና በመሣሪያ የተመለከተውን መስመር ይዞ መሄድ ይገባዋል። ለምሳሌ በጁላይ ወር የሚበር ሰው ከጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ የሠራውን ይቈጥራል።

ሰማዩ ለብዙ ወር የጠራ ቢሆንስ? ደንቡ ለዚህም መንገድ አበጅቷል። ነጂው ውጭውን እንዳያይ በግንባሩ ላይ ግርዶሽ፣ ይኸውም የዓይን መከለያ፣ አድርጎ ይለማመዳል። ነገር ግን በሰማይ ላይ ሌሎች አይሮፕላኖች ስላሉ፣ በአንቀጽ 91.109 መሠረት በእርሱ ፈንታ የሚያይ ሁለተኛ ነጂ በሌላው መሪ ፊት ይቀመጣል። ይህም ሰው ለዚያ ዓይነት አይሮፕላን የሚሆን ቢያንስ የግል ነጂነት ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ስሙም በበረራው መዝገብ ይጻፋል። የበረራ ተቈጣጣሪዎች በራዲዮ ቢያነጋግሯቸውም፣ በጠራ ሰማይ ሌላውን አይሮፕላን አይቶ መራቅ የነጂዎቹ ግዴታ ነው።

ከዚህ ላይ የኅሊና ጉዳይ ይመጣል። በግርዶሹ ሥር ሜዳውን ሰረቅ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ሆኖም ልምምዱ የሚቈጠረው ለዚያ ሜዳ እስከተወሰነው ዝቅተኛ ከፍታ ድረስ ግርዶሹ ሳይነሣ የተወረደ እንደሆነ ነው። ይህም ከፍታ በብዙ ሜዳዎች ከምድር 200 ጫማ ብቻ ነው። ቀደም ብሎ ግርዶሹን ያነሣ ነጂ በመዝገቡ 6 ብሎ ቢጽፍ፣ በጎኑ ከተቀመጠው ባልንጀራ በቀር የሚያውቅበት የለም። ነገር ግን ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ሲሄድ ደመና ባገኘው ዕለት ያ የሐሰት ቍጥር አያድነውም።

6ቱ ወር ያለፈበት ሰው በሚቀጥሉት 6 ወሮች በግርዶሽ ተለማምዶ የጐደለውን ሊያሟላ ይችላል፤ እስኪያሟላ ድረስ ግን በደመና አይበርም። ይህም ጊዜ ካለፈ ሥልጣን ባለው መርማሪ ወይም አስተማሪ ፊት እንደገና ይፈተናል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንግዲህ አማርኛን የምትማሩ ክቡራን፣ ሁለቱን ቃላት በዚህ ለይታችሁ ያዙ፦ ፈቃዱ ስለ ነጂው ልምድ ይመሰክራል፤ ስለ ልምምዱ የሚመሰክረው ግን በእውነት የተጻፈ መዝገብ ነው።