ፎቶው ጠፋ ከማለታችሁ በፊት

የልጆችን የክርስትናና የምረቃ ፎቶ በአንድ ኮምፒውተር አስቀምጠው ሁሉም በየስልኩ የሚያይባቸው ቤቶች አሉ። እንዲህ ለሌሎች የሚያቀብል ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። አንድ ቀን ፎቶው አልከፈት ሲል «ፎርማት ይደረግ» ለማለት አትቸኩሉ፤ ፎቶውንም ይዞት ይሄዳል።

መጀመሪያ ኔትወርኩን እዩ። ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ በደንብ ገብቷል? መሰኪያው ላይ ያለው መብራት ይበራል? ስልኩስ ከዚያው ዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል? የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ፣ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። ኬብሉን ነቅሎ መሰካት፣ ራውተሩንም አጥፍቶ ማብራት ሊፈታው ይችላል።

ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ ከተነሳ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ ራሙም ይፈተሽ። ራም የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ፎቶው ያለው ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ማለትም ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው። ዊንዶውስ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚባል የራሱ መፈተሻ አለው። ስህተት ካገኘ በዚያ ኮምፒውተር ፎቶ አትገልብጡ፤ የታመመ ራም የሚገለበጠውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ባለሙያው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ቅጂ ይውሰድላችሁ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።