ያልተጻፈ ዜማ ከቤቱ ጋራ ይፈርሳል

ወጣቶች ሆይ፤ በመካከላችሁ የሚዘወተር አንድ ክፉ ንግግር አለና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ኖታ ዘርግቶ ቫዮሊን ወይም ፒያኖ የሚማረውን ጓደኛችሁን «ፈረንጅ አምላኪ» ትሉታላችሁ። የታላላቅ ደራሲዎችን ሙዚቃ ተቀምጦ የሚያዳምጠውንም ታፌዙበታላችሁ። ይህን የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን «የአራዳ ልጅ» ብለው የሚጠሩ ናቸው። የአራዳ ልጅነት ይህ ከሆነ፣ አራዳን ከቶ አታውቋትም።

እስቲ አራዳ ራሷ ትመስክር። በ1887 ዓ.ም የዐፄ ምኒልክ መልእክተኞች የሩሲያ ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደው ነበር። በ1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይ ድል ከሆነ በኋላም፣ በዚያች ከተማ ይነግሥ የነበረው ዳግማዊ ኒኮላስ ለአርባ ሰው የሚበቃ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ ከመምህር ጋራ ለምኒልክ ላከ። ከዚያም በ1916 ዓ.ም ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ አርባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም መጡ። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም በአራዳ ጊዮርጊስ ለተፈጸመው የዘውድ በዓልም ተሰማ። በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ከወረራው በኋላ በፒያሳ ቴአትር ቤት ሆኖ ክራሩንና ማሲንቆውን ወደ መድረክ አወጣ። እንግዲህ አራዳ የሠለጠነችው እንግዳ በማባረር አይደለም፤ እንግዳውን ተቀብላ፣ ሙያውን ተምራ ነው።

«መማር ራስን መርሳት ነው» ለሚለኝ ያችን ያልኋትን የሩሲያ ከተማ አሳየዋለሁ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1703 ስትቈረቈር ረግረግ ነበረች፤ ሙዚቃውንም መጀመሪያ ከጣልያንና ከጀርመን ሰዎች ተማረች። በ1862 አንቶን ሩቢንስታይን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲከፍትባት፣ ቻይኮቭስኪ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ተምረው ጣልያን ሆኑን? አልሆኑም። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ በ1888 ከሀገሩ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ተነሥቶ የትንሣኤን በዓል በኦርኬስትራ ደረሰው። ቻይኮቭስኪም በ1890 የዚያችኑ ከተማ ኑሮ የሚያሳይ ኦፔራ ከፑሽኪን ታሪክ አወጣ። ፊደሉን ከውጭ ተማሩ፤ የጻፉበት ግን የቤታቸውን ነገር ነው።

ስለ ፑሽኪን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የባለቅኔው ቅድመ አያት ከእኛ ምድር የተወሰደ ነው እያላችሁ ትመካላችሁ፤ ሊቃውንት ግን ገና ይከራከሩበታል። ይሁን፤ ከእኛ ነው እንበል። ከመካከላችሁ ያንን ኦፔራ የሰማ ስንት ነው? ዘር ቈጥሮ መመካት ቀላል ነው፤ ዋጋ የሚያስከፍለው ሥራውን ማወቅ ነው።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ኖታም ማንበብ የጀመርሁት ከመዝሙር መጽሐፍ ነው። ስለዚህ «ለፈረንጅ ያደላል» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ምስክሬን ከቤተ ክህነት አመጣለሁ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አብያተ ክርስቲያናት ከተቃጠሉበት ከዚያ ታላቅ ጦርነት በኋላ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የቅዱስ ያሬድ ዜማ እንዳይጠፋ ምልክት እንደ ሠሩለት ይነገራል። ድፋቱ፣ ደረቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ ዛሬም ከፊደሉ ራስ ላይ ይታያል። ቤቱ ቢቃጠል ዜማው እንዲተርፍ አስበው አይደለምን? ስለዚህ ዜማን መጻፍ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚል ሰው ፈረንጅን ጠላሁ ብሎ አባቶቹን መካዱ ነው።

«ዛሬ ስልክ አለ፤ ድምፁን ቀድተን እናስቀምጠዋለን» ትሉኝ ይሆናል። መልካም ነው፤ ቅዱ። ዳሩ ግን የተቀዳ ድምፅ የአንዱን ሰው አዘፋፈን ያኖርልናል እንጂ፣ ሌላው አርባ ሰው አንድ ላይ ሆኖ እንዲጫወተው ድርሻ ድርሻውን ከፍሎ አይሰጠውም። ማስረጃውም ከዚያችው ከተማ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ስሟ ሌኒንግራድ በነበረበት ጊዜ፣ ጀርመኖች 872 ቀን ከበቧት፤ ብዙ መቶ ሺሕ ሰው በረኀብ አለቀ። ልጇ ሾስታኮቪች በውስጧ ሳለ የጀመረውን ሰባተኛ ሲምፎኒ ከከተማዋ ወጥቶ ጨረሰው። የተጻፈው ኖታ በአውሮፕላን ከበባውን ተሻግሮ ገባ። በራዲዮ ጣቢያው ኦርኬስትራ ውስጥ ለመጫወት ዐቅም የቀረው ዐሥራ አምስት ያህል ሰው ብቻ ስለ ነበረ፣ የጐደለው ከጦሩ እየተፈለገ ተሟላ። ነሐሴ ወር 1942፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ9ኛው ቀን፣ ካርል ኤልያስበርግ እየመራቸው ተጫወቱት፤ በድምፅ ማጉያም ለከተማው ሁሉ ተሰማ። ያ ዜማ በወረቀት ላይ ባይሰፍር ኖሮ በምን ይገባ ነበር?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። እናንተም ፎቶግራፍ አነሣችሁ፤ አለቀሳችሁም። ልቅሶአችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን ልጠይቃችሁ፤ በእነዚያ ቤቶች ሰርግ ላይ የተዘፈነውን፣ እናቶች ልጅ ሲያስተኙ ያንጐራጐሩትን ማን ጻፈው? ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት የነበረ ሃርሞኒየም «የማይረባ ነው» ተብሎ ዕቃ ቤት ተጣለ፤ ምስጥ በላው። አፍራሽ መኪና አልመጣበትም፤ የገደለው ንቀት ነው። ቤት ሲፈርስ ባለሥልጣኑን እንወቅሳለን፤ ዜማ ሲጠፋ ግን የምንወቅሰው ከራሳችን በቀር ማንን ነው?

አዝማሪው በጆሮው ተምሮ በጆሮ ያስተማረበትን ጥበብ አላቃልልም፤ ሲያኖረን የኖረ እርሱ ነው። ነገር ግን ልጁ ካጠገቡ ርቆ በሄደበት በዚህ ዘመን፣ ጆሮ ብቻውን አደራውን አይሸከመውም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለሕግና ለርስት ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ምክሬ አጭር ናት። ኖታ የሚማረውን ጓደኛችሁን አትዘልፉት፤ አብራችሁት ተማሩ። ዘመናዊውን ሙዚቃ የሚያስተምር የያሬድ ስም የተሰጠው ትምህርት ቤት በዚሁ በከተማችን አለ፤ በራፉን አንኳኩ። ከዚያም የአያታችሁን እሹሩሩ አስደግማችሁ ስሙና በወረቀት ላይ አስፍሩት። ይህን ያደረገ፣ እርሱን የአራዳ ልጅ ብዬ እጠራዋለሁ።