የወይዘሮ ሮቢንሰን ስም

«ዘ ግራጁዌት» የተባለውን ፊልም ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የተለያየ ሰው ደግፌ ነው የተነሣሁት።

የመጀመሪያው ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን ነው። በጎረቤት ዴክ፣ ከሰፈር ቪዲዮ ቤት በተከራየነው ካሴት። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ መሐል ላይ ጥቂት ደቂቃ ጭራሽ ተበልቷል። ግድ አልነበረንም፤ ቤንጃሚን ብራዶክ ማለት እኛው ነበርን። ዲግሪውን ይዞ ካሊፎርኒያ ወላጆቹ ቤት ይገባል። ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቋል። ያገኘው ሁሉ ትከሻውን እየመታ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ እሺ፣ ከእንግዲህስ? አንዱ የቤተሰብ ወዳጅ ከሰው ነጥሎ ወደ ጓሮ ይወስደውና የወደፊት ዕጣውን በአንዲት ቃል ይነግረዋል፦ ፕላስቲክ። እኔን በምርቃቴ ዕለት አንድ ዘመዳችን ጥግ አስይዘው በጆሮዬ የነገሩኝ ቃል «ጉምሩክ» የሚል ነበር። ስቄ ልሞት።

ቤንጃሚን 21 ዓመት ሲሞላው ደግሞ አባቱ የጠላቂ ልብስ ከነአየር ጋኑ አልብሶ በእንግዶች ፊት ወደ መዋኛ ገንዳው ይነዳዋል። እኛም በልጁ መነጽር ውስጥ ሆነን ነው የምናየው፤ የሚሰማን ትንፋሹ ብቻ ነው። ብቅ ሊል ሲሞክር አንድ እጅ መልሶ ይደፍቀዋል። መጨረሻ ላይ ገንዳው ሥር ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ወላጅ በልጁ ሲኮራ ልጁን ምን እንደሚሰማው ከዚህ በተሻለ ያሳየኝ ፊልም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ወይዘሮ ሮቢንሰን ያኔ ለእኔ ክፉ ሴት ነበረች። የአባቱ የሥራ ሸሪክ ሚስት ሆና ልጁን አጥምዳ ሆቴል ታመላልሰዋለች፤ በኋላ ከልጇ ከኢሌን ጋር መዋደዱን ስታውቅ እሳት ጎርሳ ትነሣለች። ቤንጃሚን የሌላ ሰው ሙሽራ የሆነችውን ኢሌንን ከቤተ ክርስቲያን ነጥቆ ሲወጣና በሩን በሠርገኞቹ ላይ በመስቀል ሲቀረቅር ሳሎኑ በጭብጨባ ተናጋ። ያላጨበጨቡት የጓደኛዬ እናት ብቻ ነበሩ። ልጁ መስቀሉን እንደ ዱላ ሲያወዛውዘው ሲያዩ አማትበው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ካሴት ስንከራይ «ያ መናፍቅ አለበት?» ብለው ሳይጠይቁ አያስገቡንም ነበር።

ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ልጁ አሰለቸኝ። ገንዳ ላይ ተንሳፎ ይውላል፣ በአባቱ ገንዘብ ይጠጣል፣ ደግሞ ይከፋዋል። በዚህ ብቻዬን አለመሆኔን ያወቅሁት የቺካጎውን ሃያሲ ሮጀር ኢበርትን ሳነብ ነው። ፊልሙ በፈረንጆቹ 1967 ሲወጣ አወድሶ አራት ኮከብ ሰጥቶት ነበር። በ1997፣ ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲያየው ግን ቤንጃሚን ከራሱ ሌላ የማይታየው፣ የማይቻል ልጅ ሆነበት፤ ቁም ነገር ያለው ሰው ቢፈልግ ወይዘሮ ሮቢንሰንን ብቻ አገኘ። ኮከቡም ወደ ሦስት ወረደ። ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ በአደባባይ «ተሳስቼ ነበር» ማለቱን አደንቃለሁ። የቀነሳት አንዲት ኮከብ ግን አልተዋጠችልኝም። ምክንያቱም ፊልሙ ራሱ ይህንን ጠንቅቆ ያውቃል።

የሆቴሉን አልጋ አስታውሱ። አንድ ሌሊት ቤንጃሚን «እስኪ ዛሬ እንኳ እናውራ» ይላል። ሴትዮዋ አትፈልግም። ጠምዝዞ ጠምዝዞ ሲጠይቃት የምታወጣለት ይህን ነው፦ ባሏን ያገባችው አርግዛ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፎርድ መኪና ውስጥ ነው። ምን ትማሪ ነበር ሲላት ሥነ ጥበብ ትላለች። ልጁ ጥቂት ያስብና፣ ታዲያ ከዚያ ወዲህ ፍላጎቱ ጠፋ ማለት ነው ብሎ ያልፈዋል። ወይዘሮ ሮቢንሰንን ሆና የምትጫወተውን የአን ባንክሮፍትን ፊት እዚያ ላይ እዩት። አንዲት ሴት ሕይወቷን ሙሉ የደበቀችውን በሁለት ቃል ተናግራ ሰሚ ስታጣ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላም ልጁ «ወይዘሮ ሮቢንሰን» እያለ ነው የሚጠራት። አማርኛ ብናደርገው አልጋ ላይም አንቱ ማለቱ አይቀርም ነበር።

ባንክሮፍት ያኔ ገና 35 ዓመቷ ነው። ቤንጃሚንን የሚጫወተው ደስቲን ሆፍማን 29፤ በመካከላቸው ስድስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ልጇን ሆና የምትጫወተውን ካትሪን ሮስን የምትበልጣትም በስምንት ዓመት ነው። ሆሊውድ በወጣትነቷ እናት አድርጎ አስረጃት፤ እሷም ባስረጇት ዕድሜ ፊልሙን ነጥቃ ወሰደችው።

ሦስተኛው ባለፈው ወር ነው፤ ከእኅቴ ልጅ ጋር፣ በላፕቶፕ። ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«ወይዘሮ ሮቢንሰን።»

«እሱማ የባሏ ነው።»

ለካ ፊልሙ ስሟን አንድም ጊዜ አይናገርም። እኛ አገር ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትኖራለች፤ ወይዘሮ ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው የራሷ ስም ነው። ይህን ለማስተዋል ከእኔ የተሻለ የተመቸ ተመልካች አልነበረም። ሁለት ጊዜ አይቼ አመለጠኝ።

ከዚያ በኋላ የእኅቴ ልጅ ዝም የምትል አልሆነችም። ቤንጃሚን በመጀመሪያ ቀጠሯቸው ኢሌንን ራቁት ወደሚጨፈርበት ቤት ወስዶ ሲያስለቅሳት ፊልሙን አቆመችው። ለወላጆቹ ኢሌንን ላገባ ነው ሲል፣ ልጅቷ ግን ጭራሽ እንደማታውቅ ሲናገር፣ «ማንም አልጠየቃትም እኮ!» አለች። በርክሊ ድረስ ተከትሏት ሄዶ እየጠበቀ ሲያደባባት «ፖሊስ የለም እንዴ?» አለች። (በነገራችን ላይ ወደ በርክሊ በመኪናው ሲበር የሚታየው በባለ ሁለት ደርቡ ድልድይ የላይኛው መንገድ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚወስደው ነው። ቀይዋ አልፋ ሮሜዮ መኪናው ከሰማይ እንድትታይ ፈልገው ይመስለኛል፤ ልጁም የሚሄድበትን አያውቅም ብንል አላጋነንም።) ያኔ ያጨበጨብንለት ነገር ዛሬ ብዙ ወጣት ተመልካች የሚሸሸው ነው። ልከራከራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ግን የምለው ነበረኝ። ፊልሙ የተወሰደው ቻርልስ ዌብ በ1963 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። እዚያ ቤንጃሚን የሚደርሰው ቃል ኪዳኑ ሳይፈጸም ነው። በፊልሙ ግን ዘግይቷል፤ ጋብቻው አልቋል። ይህች ለውጥ ነገሩን ሁሉ ገለበጠችው። እናትየው ልጇን ይዛ «ከእንግዲህማ ረፍዷል» ትላታለች። ኢሌን ለእኔ አልረፈደም ብላ ትመልሳለች፤ እናትየው በጥፊ ትመታታለች። ወጣት ሳለሁ ይህ መልስ የቤንጃሚን ድል መስሎኝ ነበር። ፊቷን ያዞረችው ግን ወደ እናቷ ነው። በዚያ ፎርድ ውስጥ የቀረችውን ሴት ነው እምቢ ያለቻት። ከዚያም የሙሽራ ልብሷን ሰብስባ ሮጠች፤ የገባችውም አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። እናትም በመኪና፣ ልጅም በመኪና።

ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ ለዚህ ፊልም ኦስካር ወስዷል። እኔ ለዚያች የመጨረሻ ግማሽ ደቂቃ ብቻ በሰጠሁት። ሌላ ዳይሬክተር የቤንጃሚንና የኢሌን ሳቅ ላይ ይቆርጠው ነበር፤ እሱ ካሜራው እንዲቀጥል ተወው። ተሳፋሪዎቹ አሮጊትና ሽማግሌ ዞረው ያዩዋቸዋል። ሳቁ ቀስ እያለ ይረግፋል። የሳይመንና ጋርፈንክል ዘፈን ይገባል።

የእኅቴ ልጅ ያቺን ቦታ መልሳ ከፈተቻት። አሁንም መልሳ። በሦስተኛው ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

«አየሃት ጋሼ? እሷ ዞራ አየችው። እሱ አላያትም።»